ስለ ትራቪስ ፒኪንግ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአኮስቲክ ጊታር ላይ በአውራ ጣት ቤዝ እያፈራረቁ በሌሎቹ ጣቶች ዜማ ማውጣትን ለሚማሩ የቀረቡ መልሶች፤ ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ትራቪስ ፒኪንግ ምን ዓይነት አጨዋወት ነው?

የቀኝ እጅ አውራ ጣት በወፋፍራሞቹ ክሮች ላይ የቤዝ ድምፆችን በእኩል ምት እያፈራረቀ ሲመታ፣ አመልካች ጣትና የመሃል ጣት በቀጫጭኖቹ ክሮች ላይ ዜማውን የሚያወጡበት አጨዋወት ነው። አራት ምት ባለው ሙዚቃ አውራ ጣት በእያንዳንዱ ምት ላይ ይመታል፤ ጣቶቹ ግን አንዳንዴ ከእሱ ጋር እኩል፣ ብዙውን ጊዜ ደግሞ በሁለት ምቶች መካከል ባለው ክፍተት ይገባሉ። ዓይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጥ ሰው ሁለት ተጫዋቾች ያሉ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድን ኮርድ ክር በክር እየዘረዘሩ ከመምታት የሚለየው በአውራ ጣቱ ሥራ ነው። በዝርዝር አመታት አውራ ጣት በአንድ ዙር አንድ ጊዜ ቤዝ ሰጥቶ ቀሪውን ለጣቶቹ ይተዋል። እዚህ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አያርፍም።

ስሙ ከማን መጣ? የፈጠረውስ እሱ ነው ወይ?

ስሙ የመጣው በ1917 በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት፣ ሙለንበርግ በተባለው የድንጋይ ከሰል አካባቢ ከተወለደውና በ1983 ካረፈው ጊታር ተጫዋችና ዘፋኝ ከሜርል ትራቪስ ነው። ፈጣሪው ግን እሱ አይደለም። እሱ የተማረው በዚያው አካባቢ ከነበሩት ከሞዝ ሬገርና ከአይክ ኤቨርሊ ሲሆን፣ እነሱም ከኬኔዲ ጆንስ ወስደውታል። ኬኔዲ ጆንስ ደግሞ አርኖልድ ሹልትዝ ከተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ሙዚቀኛ ብዙ ቀስሟል። ሹልትዝ ከ1886 እስከ 1931 የኖረ ሲሆን፣ አጨዋወቱ በሸክላ ሳይቀረጽ ስላለፈ ስሙን የሚያነሣው ሰው ጥቂት ነው። እንደ እኔ እምነት ስሙ መነሣት የሚገባው እሱ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሬዲዮና ሸክላ ያደረሰው ሰው ስም ጸንቶ ቀርቷል።

ከኬንታኪ ውጭም ተመሳሳይ አጨዋወት ነበር። በሰሜን ካሮላይና የተወለደችው ኤልዛቤት ኮተንና በ1928 ሸክላ ካስቀረጸ በኋላ ተረስቶ በ1963 እንደገና የተገኘው ሚሲሲፒ ጆን ኸርት ሁለቱም በአውራ ጣታቸው ወይም በሌላ ጣታቸው ቤዝ እያፈራረቁ ይጫወቱ ነበር። የጆን ኸርት አጨዋወት የተረጋጋና ያልተጨናነቀ ስለሆነ፣ ለጀማሪ ጆሮ ከትራቪስ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ።

ከመጀመሬ በፊት ምን ማወቅ አለብኝ?

ሲ ሜጀር፣ ጂ ሜጀር፣ ዲ ሜጀር፣ ኤ ማይነርና ኢ ማይነር ኮርዶችን ሳያዩ መያዝና ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይዘገዩ መሻገር ይበቃል። የግራ እጅ ኮርድ እየፈለገ ከሆነ ቀኝ እጅ ምንም ቢሠለጥን ምቱ መቆሙ አይቀርም፤ ስለዚህ በግራ እጅዎ ገና የሚቸገሩ ከሆነ ጥቂት ሳምንታት መቆየቱ አይጎዳዎትም። ኖታ ማንበብ ግዴታ አይደለም። ታብ፣ ማለትም የትኛው ክር የት ላይ እንደሚያዝ በቁጥር የሚያሳይ ጽሑፍ፣ ማንበብ ግን ይጠቅማል፤ እሱም በአንድ ቀን የሚለመድ ነው።

የትኛው ጊታር ይሻላል? በናይለን ክርስ ይቻላል?

ስልቱ ያደገው በብረት ክር ባለው ጊታር ላይ ስለሆነ የለመድነው ድምፅ የእሱ ነው፤ በናይለን ክር ባለው ክላሲካል ጊታር መማር ግን ፈጽሞ ይቻላል። እንዲያውም የክላሲካል ጊታር አንገት ከራሱ በኩል 52 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚሰፋ በክሮቹ መካከል ያለው ቦታ ለቀኝ እጅ ጣቶች ይመቻል። ብዙ የብረት ክር ጊታሮች 43 ሚሊ ሜትር ያህል ናቸው፤ ለጣት አጨዋወት ታስበው የሚሠሩት 44.5 ሚሊ ሜትር ይደርሳሉ። ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ጥቂት ይመስላል፤ ጣት ግን ወዲያውኑ ያውቀዋል።

አዲስ ጊታር ከመግዛት ይልቅ ያለዎትን ማስተካከል ይቀድማል። ክሮቹ ከአንገቱ በጣም ከፍ ያሉ ከሆነ በአካባቢዎ የሚገኝ ጊታር ጠጋኝ ዝቅ ሊያደርጋቸው ይችላል፤ የመጀመሪያው ክር 0.012 ኢንች ከሆነው ስብስብ ወደ 0.011 መውረድም የግራ እጅን ድካም ይቀንሳል። ያረጀና የዛገ ክር ቤዙንና ዜማውን አንድ ዓይነት ደብዛዛ ድምፅ ስለሚያደርጋቸው፣ ስልቱ የሚታወቅበትን የሁለት ድምፆች ልዩነት ይደብቃል።

ስንት ጣት ነው የምጠቀመው?

ትራቪስ ራሱ የሚጫወተው በአውራ ጣቱና በአመልካች ጣቱ ብቻ ነበር። በ1924 የተወለደው ቼት አትኪንስ ልጅ እያለ ትራቪስን በሬዲዮ ሲሰማው በሁለት ጣት ብቻ ይህ ሁሉ ድምፅ ሊወጣ እንደሚችል አልገመተም፤ ስለዚህ በአውራ ጣቱና በሁለት፣ አንዳንዴም በሦስት ጣቶች የሚጫወትበትን የራሱን መንገድ አበጀ። ሁለቱም መንገዶች እስከ ዛሬ አሉ።

ለጀማሪ የሚመከረው ሦስት ነው (ክሮቹ የሚቆጠሩት ከቀጭኑ 1ኛ እስከ ወፍራሙ 6ኛ ነው)፦ አውራ ጣት ለ6ኛው፣ ለ5ኛውና ለ4ኛው ክር፣ አመልካች ጣት ለ3ኛው ወይም ለ2ኛው፣ የመሃል ጣት ለ2ኛው ወይም ለ1ኛው። የቀለበት ጣት ለጊዜው ይረፍ። አንዳንዶች የትንሿን ጣት ጫፍ በጊታሩ ሆድ ላይ አስደግፈው ይጫወታሉ፤ ይህ እጅን ያረጋጋል፤ አጥብቀው ከተጫኑት ግን የቀለበት ጣትንም አብሮ ያደነድናል።

የአውራ ጣት ፒክ ወይም ረጅም ጥፍር ያስፈልገኛል?

አያስፈልግም። ጆን ኸርትን የመሰሉ ታላላቅ ተጫዋቾች በባዶ ጣታቸው ተጫውተዋል። በአውራ ጣት ላይ የሚጠለቀው ፒክ ቤዙን ጥርት ያለና ኃይለኛ ያደርገዋል፤ ትራቪስም አትኪንስም ይጠቀሙበት ነበር። ችግሩ ጀማሪው ክሩ ያለበትን ርቀት በቆዳው መዳሰስ ስለማይችል በመጀመሪያዎቹ ወራት ክር መሳቱ ነው። ስለዚህ በባዶ ጣት ጀምሮ፣ ምቱ ከጸና በኋላ ፒኩን መሞከር ይሻላል።

ጥፍርን ከጣት ጫፍ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር አሳልፎ ማሳደግ የዜማውን ድምፅ ያጎላል። ጥፍራቸውን ማሳደግ የማይፈቅድ ሥራ ያላቸው ሰዎች ግን በሥጋ ብቻ በመጫወታቸው የሚያጡት ነገር ጥቂት የድምፅ ጥራት እንጂ ስልቱ አይደለም።

አውራ ጣቴ የትኞቹን ክሮች ነው የሚመታው?

በየኮርዱ ይለያያል። የመጀመሪያው ምት ኮርዱ የተሰየመበትን ድምፅ በያዘው ወፍራም ክር ላይ ያርፋል፤ ሁለተኛው ምት ከእሱ ወደሚቀጥን ሌላ ክር ይሻገራል። ስለዚህ ለሲ ሜጀርና ለኤ ማይነር 5ኛውና 4ኛው ክር፣ ለጂ ሜጀርና ለኢ ማይነር 6ኛውና 4ኛው፣ ለዲ ሜጀር 4ኛውና 3ኛው ይፈራረቃሉ።

ይህ ከተለመደ በኋላ ሦስተኛ ቤዝ ይጨመራል። በኤ ማይነር 5፣ 4፣ 6፣ 4 ተብሎ ሲመታ 6ኛው ክር ባዶውን ይደወላል። በሲ ሜጀር ደግሞ 5ኛውን ክር በ3ኛው ፍሬት (በአንገቱ ላይ ባሉት የብረት መስመሮች የተከፈለ ቦታ) የያዘው የቀለበት ጣት ሦስተኛው ምት ላይ ወደ 6ኛው ክር ተዛውሮ ይመለሳል፤ ይህች አንዲት የጣት ዝውውር ድምፁን ከጀማሪነት አውጥታ ሌላ መልክ ትሰጠዋለች። ኤፍ ሜጀርን ትራቪስ ይይዝ የነበረው የግራ እጁን አውራ ጣት በአንገቱ ላይ አሻግሮ 6ኛውን ክር በመጫን ነው። እጃቸው ትንሽ የሆነ ሰዎች ይህን ለማድረግ መታገል የለባቸውም፤ 4ኛውንና 3ኛውን ክር እያፈራረቁ ማለፍ ይችላሉ።

በመጀመሪያ የምለማመደው የትኛውን ቅደም ተከተል ነው?

ኤ ማይነር ይዘው በአውራ ጣት ብቻ 5፣ 4፣ 5፣ 4 እያሉ ይጀምሩ፤ ሌላ ጣት አይንካ። አራቱ ምቶች በርዝመትም በጉልበትም እኩል መሆናቸውን በስልክዎ ቀርጸው ያዳምጡ፤ ሲጫወቱ እኩል የመሰለው ሲያዳምጡት ብዙውን ጊዜ እኩል አይሆንም።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚማረው ቅደም ተከተል «አንድ፣ ሁለት-እና፣ ሦስት-እና፣ አራት» ተብሎ የሚቆጠረው ነው። «አንድ» ላይ አውራ ጣት 5ኛውን፣ የመሃል ጣት 1ኛውን ክር በአንድ ላይ ይቆነጥጣሉ። «ሁለት» ላይ አውራ ጣት ብቻውን 4ኛውን ይመታል፤ «እና» ሲባል አመልካች ጣት 3ኛውን ወይም 2ኛውን ይስባል። «ሦስት» እንደገና የአውራ ጣት ነው፤ ከእሱ በኋላ ያለው «እና» የመሃል ጣት ነው። «አራት» ላይ አውራ ጣት ብቻውን ይዘጋል። ጮክ ብሎ እየቆጠሩ መጫወት ያሳፍር ይሆናል፤ ነገር ግን ከማንኛውም ዘዴ ይበልጥ የሚሠራው እሱ ነው።

ጣቶቼን ስጨምር አውራ ጣቴ ይጠፋብኛል፤ ምን ላድርግ?

ከሁሉም በላይ የሚደጋገመው ችግር ይህ ነው። አውራ ጣት ገና በትኩረት የሚመራ ከሆነ፣ ትኩረቱ ወደ ሌላው ጣት በዞረበት ቅጽበት ወይ ይቆማል ወይ የሌላውን ጣት ምት ተከትሎ ይሄዳል። ስለዚህ መፍትሔው ጣቶቹን አብዝቶ ማለማመድ ሳይሆን፣ እየተጨዋወተ የሚራመድ ሰው እርምጃውን እንደማይቆጥር ሁሉ አውራ ጣትን ትኩረት የማይፈልግ ማድረግ ነው። መድረሱን የሚያረጋግጥ ቀላል ፈተና አለ፦ አውራ ጣትዎ 5፣ 4፣ 5፣ 4 እያለ ቤት ካለ ሰው ጋር ያውሩ፣ ወይም ከ100 ጀምሮ ወደ ታች ይቁጠሩ። ምቱ ከተንገዳገደ ለጣቶቹ ጊዜው አልደረሰም።

ሲደርስም በአንድ ባር (በአራት ምት ዙር) ውስጥ አንድ የጣት ድምፅ ብቻ ይጨምሩ። በመጀመሪያ «አንድ» ላይ ከአውራ ጣት ጋር እኩል የሚቆነጠጠውን ብቻ፤ እሱ ሲረጋጋ ትተውት «ሦስት» ላይ፤ ከዚያ ከሁለት በኋላ ባለው «እና» ላይ። እያንዳንዱ ቦታ ለብቻው ከተለመደ በኋላ ነው ሁለቱን ማጣመር የሚገባው። በመካከል ሲሳሳቱ የሚቆሙት ጣቶቹ ይሁኑ፤ አውራ ጣቱ ሳይቋረጥ ይቀጥል፤ ጣቶቹም በሚቀጥለው ባር መጀመሪያ ላይ ተመልሰው ይግቡ።

ብዙ የማስተማሪያ ቪዲዮዎች ሙሉውን ቅደም ተከተል በመጀመሪያው ቀን ይሰጣሉ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ጥሩ የሚመስል ድምፅ ስለሚወጣ ተማሪውም አስተማሪውም ይደሰታሉ። እጁ የተማረው ግን የስድስት ምቶች አንድ ሰንሰለት ስለሆነ፣ በኋላ ከመካከል አንዱን ድምፅ ማንሣት ወይም ማዘግየት ሲፈልግ ሰንሰለቱ በሙሉ ይበጠሳል። በዚህ ጉዳይ ዘግይቶ የጀመረ ይቀድማል።

ኮርድ ስቀይር ምቱ ይቆምብኛል፤ ለምን?

አብዛኛውን ጊዜ ሁሉንም የግራ እጅ ጣቶች በአንድ ጊዜ ለማሳረፍ ስለሚሞከር ነው። በዚህ አጨዋወት ኮርዱ በሙሉ በመጀመሪያው ምት ላይ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው አውራ ጣት የሚመታው ቤዝና ምናልባት አንድ የዜማ ድምፅ ነው። ስለዚህ ቤዙን የሚይዘውን ጣት አስቀድመው ያሳርፉ፣ ቀሪዎቹ እስከ ሁለተኛው ምት ድረስ ይድረሱ። ከሲ ሜጀር ወደ ኤ ማይነር ሲሻገሩ ደግሞ አመልካች ጣትና የመሃል ጣት ከቦታቸው አይነሡም፤ የሚንቀሳቀሰው የቀለበት ጣት ብቻ ነው። ስለዚህ መለማመጃው ከእነዚህ ሁለት ኮርዶች ቢጀምር ይመረጣል።

ቤዙ ዜማውን ይውጥብኛል፤ እንዴት ላመጣጥነው?

አውራ ጣት በተፈጥሮው ጉልበተኛ ነው፤ የሚመታውም ወፋፍራም ክሮችን ነው። የመጀመሪያው መፍትሔ የቀኝ እጅን የመዳፍ ጠርዝ ክሮቹ በሚታሰሩበት በብሪጁ ላይ በስሱ ማሳረፍ ሲሆን፣ ይህም የወፋፍራሞቹን ክሮች ድምፅ አሳጥሮ ደብደብ የሚል ያደርገዋል። ትራቪስም ይህን ያደርግ ነበር። መዳፉ ወደ ቀጫጭኖቹ ክሮች እንዳይዘልቅ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ወደ ድምፅ ቀዳዳው ከቀረበም ድምፁ በሙሉ ይታፈናል።

በምን ፍጥነት ልለማመድ? ምን ያህል ጊዜስ ይፈጃል?

ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ፣ ሜትሮኖምን፣ በደቂቃ 50 ወይም 60 ምት ላይ አድርገው ይጀምሩ። በዚያ ፍጥነት አምስት ደቂቃ ያለ ስሕተት ከተጫወቱ 4 ወይም 5 ምት ይጨምሩ። በቀን 20 ደቂቃ መለማመድ ቅዳሜ ከሰዓት ሙሉውን ከመቀመጥ ይበልጣል፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለው የእጅ ልምድ የሚረጋው በመካከል በሚመጣው ዕረፍትና እንቅልፍ ነው። ዘወትር ለሚለማመድ ሰው አውራ ጣቱ በጥቂት ሳምንታት ይጸናል፤ ዜማ እንደ ፈለገ ማስገባት ወራት ይወስዳል። በጣም ቀስ ብሎ መጫወት በፍጥነት ከመጫወት የሚከብድ መሆኑን ብዙዎች የሚያውቁት ሜትሮኖሙን 40 ላይ ሲያደርጉት ነው።

እጄን ያመኛል፤ መቀጠል አለብኝ?

የግራ እጅ ጣቶች ጫፍ በክሩ መቆጥቆጡ ቆዳው እስኪጠነክር ድረስ የሚጠበቅ ነው። የእጅ አንጓ፣ ክንድ ወይም የአውራ ጣት ሥር ላይ የሚሰማ ሕመም ግን የሚጠበቅ አይደለም፤ መደንዘዝ ወይም መጠዝጠዝ ካለ በዚያው ቀን ማቆም፣ ካልተወም ሐኪም ማማከር ይገባል።

መንስኤው ብዙውን ጊዜ የቀኝ እጅ አንጓ ከመጠን በላይ መታጠፉ፣ ወይም ጣቶቹ ክሩን ወደ ውጭ ጎትተው መሳባቸው ነው። አንጓው ቀጥ ብሎ ይዋል፤ ጣቶቹ ወደ መዳፍ አቅጣጫ በጥቂቱ ይታጠፉ፤ አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ፈንጠር ብሎ ወደ አንገቱ በኩል ይቅደም። እንዲህ ሲሆን አይጋጩም።

ግራኝ ነኝ፤ ጊታሩን መገልበጥ አለብኝ?

ሦስት አማራጮች አሉ። አንዱ እንደ ቀኝ እጅ ተጫዋች መማር ነው፤ ጀማሪ ለሆነ ግራኝ ብዙ ጊዜ የሚመከረው ይህ ነው፣ ጊታር መዋስም ያመቻል። ሁለተኛው ለግራኝ የተሠራ ጊታር መግዛት ነው። ሦስተኛው ኤልዛቤት ኮተን የሄደችበት መንገድ ነው፦ ለቀኝ እጅ የተቃኘውን ጊታር ክሮቹን ሳትቀይር ገልብጣ ትይዘው ስለነበር ቤዙን በጣቶቿ፣ ዜማውን በአውራ ጣቷ ትመታ ነበር። ድምፁ የእሷ ብቻ ሆኖ የቀረው በዚህ ነው። ታብ ብዙውን ጊዜ ለዚህ አያያዝ ስለማይጻፍ ግን ብቻውን ለሚማር ሰው ከባድ መንገድ ነው።

ቅደም ተከተሉን ችያለሁ፤ ሁሉም ዘፈን ግን አንድ ዓይነት ይመስልብኛል

ቅደም ተከተል የእጅ ማሟሻ እንጂ ሙዚቃ ስላልሆነ ነው። ከዚህ የሚያወጣው መንገድ ዜማውን ማስቀደም ነው። በቃል የሚያውቁትን አጭር ዜማ በ1ኛው፣ በ2ኛውና በ3ኛው ክር ላይ ብቻውን ያለ ቤዝ ያውጡት። ከዚያ የትኛው ድምፅ በምቱ ላይ፣ የትኛው በ«እና» ላይ እንደሚያርፍ እግርዎን እየመቱ ይለዩ። በምቱ ላይ ያለው ከአውራ ጣት ጋር ይቆነጠጣል፤ በ«እና» ላይ ያለው በሁለት የአውራ ጣት ምቶች መካከል ይገባል። ሌላ ምንም ሙሌት አይጨምሩ።

ክፍተት ሲኖር በኮርዱ ድምፅ ለመሙላት እጅ ይቸኩላል። ይታገሡት፤ አውራ ጣቱ እየሄደ ስለሆነ ክፍተቱ ባዶ አይደለም።

እየዘፈንኩ መጫወት አልቻልኩም

ከላይ የተባለው የንግግር ፈተና እዚህ ይጠቅማል። በመጀመሪያ በአውራ ጣት ብቻ ይዝፈኑ፣ ቀጥሎ «አንድ» ላይ በሚቆነጠጠው፣ በመጨረሻ በሙሉው። በሚዘፍኑበት ጊዜ ጊታሩ ዜማውን መድገም አያስፈልገውም።

ክራር ወይም በገና መደርደር የሚችል ሰው ይቀለዋል ወይ?

በአንድ በኩል አዎ። በበገና ድርደራ እያንዳንዱ ጣት የራሱ አውታር ስላለው፣ ጣቶችን ለያይቶ ማዘዝና የማያዩትን አውታር ማግኘት ለደርዳሪ አዲስ ነገር አይደለም። ይህ ጀማሪ ጊታር ተጫዋች ብዙ ጊዜ የሚያጠፋበት ክህሎት ነው።

የሚያስቸግረው ሁለት ነገር ነው። በገና የሚደረደረው በግራ እጅ ስለሆነ የተካነው እጅ በጊታር ላይ ፍሬት ወደ መያዝ ይሄዳል፤ ለምዶ የመጣው ክህሎት ወደ ቀኝ እጅ እንደገና መሻገር ይኖርበታል። በተጨማሪም በሁለቱም የሀገር መሣሪያዎች አንድ አውታር አንድ ድምፅ ሲሰጥ፣ በጊታር ላይ ያው ክር ግራ እጅ እንደያዘው ይለዋወጣል። ስለዚህ ደርዳሪው ከኮርድ ለውጥ ጋር ጊዜ መውሰድ አለበት።

ትዝታን በዚህ ስልት መጫወት ይቻላል?

ይቻላል፤ ትዝታ ማይነር ደግሞ በተለይ ይመቻል። ቅኝቱ ከኤ ሲጀመር ድምፆቹ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ እና ኤፍ ናቸው፤ እነዚህም በኤ ማይነር ኮርድ ሥር ተሰብስበው ይገኛሉ። አውራ ጣት ባዶውን 5ኛ ክርና በ2ኛው ፍሬት የተያዘውን 4ኛ ክር ያፈራርቃል። ለዜማው 3ኛው ክር በ2ኛው ፍሬት ኤ፣ 2ኛው ክር ባዶውን ቢ፣ በ1ኛው ፍሬት ሲ፣ 1ኛው ክር ባዶውን ኢ፣ በ1ኛው ፍሬት ኤፍ ይሰጣል። የሚንቀሳቀሰው የግራ እጅ አመልካች ጣት ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ትዝታ ሜጀርን ከሲ ጀምሮ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ እና ኤ ብሎ መጫወት ይቻላል። የሲ ሜጀር ኮርድ ተይዞ ትንሿ ጣት በ2ኛውና በ1ኛው ክር 3ኛ ፍሬት ላይ ዲ እና ጂን ታወጣለች። ኤ በ3ኛው ክር 2ኛ ፍሬት ላይ ስላለ የሲ ኮርድን እንደያዙ ለመድረስ ይቸግራል፤ ዜማው እዚያ ሲያርፍ ወደ ኤ ማይነር ኮርድ መሻገር ጣቱንም ጆሮንም ያሳርፋል። የኤ ማይነር ኮርድ ሦስቱ ድምፆች በሙሉ የቅኝቱ ናቸው። ጂ ሜጀር ኮርድ ግን ከቅኝቱ ውጭ የሆነውን ቢን ስለሚይዝ፣ እሱን ሲጠቀሙ ባዶውን 2ኛ ክርና የተያዘውን 5ኛ ክር አለመንካት ይሻላል።

ችክችካውስ? አራት ምት አይደለም እኮ

ትክክል ነው፤ ችክችካ በስድስት ስምንተኛ ስለሚሄድ የትራቪስ ቅደም ተከተል በላዩ ላይ ሊለጠፍ አይችልም። የሚወሰደው የአውራ ጣቱ ሥራ ብቻ ነው። ስድስቱን ቆጥረው አውራ ጣትን «አንድ» እና «አራት» ላይ ያስቀምጡ፤ በሲ ሜጀር ቢሆን «አንድ» 5ኛው ክር፣ «አራት» 4ኛው ክር ይሆናል። «ሁለት» እና «አምስት» የአመልካች ጣት፣ «ሦስት» እና «ስድስት» የመሃል ጣት ናቸው። እያንዳንዱ የአውራ ጣት ምት ቀድሞ ለሁለት ይከፈል የነበረው አሁን ለሦስት ይከፈላል።

ይህ ከረጋ በኋላ ጣቶቹ «አንድ»፣ «ሦስት» እና «አምስት» ላይ ብቻ እንዲመቱ ያድርጉ፤ አውራ ጣቱ ግን ከ«አንድ» እና ከ«አራት» አይነሣ። ታች ሁለት፣ ላይ ሦስት ሆኖ ሲጋጭ ነው ምቱ ወደ እስክስታ የሚስበው። በአራት ምት የለመደ አውራ ጣት እዚህ «ሦስት» ላይ ለመምታት ይገፋፋል፤ ስለዚህ ፍጥነቱን እንደገና ከ50 መጀመር ያስፈልጋል።

አንቺ ሆዬን ስሞክር ቤዙ ከዜማው ጋር ይጣላል፤ ጥፋቱ የኔ ነው?

አይደለም። አውራ ጣት አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈራርቀው መነሻውን ድምፅና አምስተኛውን (ከሲ ሲጀመር ጂን) ነው፤ በትዝታ፣ በባቲና በአምባሰል ውስጥ ይህ አምስተኛ ስላለ ስምምነቱ ይሠራል። በአንቺ ሆዬ ግን የለም። ከሲ ሲጀመር ድምፆቹ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት እና ኤ ናቸው፤ አውራ ጣት ጂን ሲመታ ዜማው ጂ ፍላት ላይ ቢያርፍ ሁለቱ በግማሽ ድምፅ ይጋጫሉ።

መውጫው አምስተኛውን ትቶ መነሻውን ድምፅ ከራሱ ከፍ ካለው ጋር ማፈራረቅ ነው። ለዚህ የሚመቸው ከኢ መጀመር ነው፤ ባዶው 6ኛ ክርና በ2ኛው ፍሬት የተያዘው 4ኛ ክር ሁለቱም ኢ ናቸው፣ ስለዚህ አውራ ጣት 6፣ 4፣ 6፣ 4 እያለ ይሄዳል። ዜማው ከ4ኛው ክር ኢ ተነሥቶ በዚያው ክር 3ኛ ፍሬት ኤፍን፣ በ3ኛው ክር 2ኛና 3ኛ ፍሬት ኤን እና ቢ ፍላትን፣ በ2ኛው ክር 2ኛ ፍሬት ሲ ሻርፕን ይዞ ባዶው 1ኛ ክር ላይ ይደርሳል። በዚህ አያያዝ ባዶዎቹ 2ኛ፣ 3ኛና 4ኛ ክሮች ከቅኝቱ ውጭ ናቸው፤ የለመደ እጅ ባለማወቅ እንዳይነካቸው የቀኝ እጅ ጣቶች ግራ እጅ የያዘውን ክር ብቻ እንዲመቱ፣ ዜማው ዕረፍት ሲወስድም ከክር ላይ እንዲነሡ ማድረግ ያስፈልጋል።